መጣሁ በይው

«ብቻውን አልሞተም፤ እህቱ አጠገቡ ነበረች። ይኼም አንድ ነገር ነው» አለች አክስት ለአዲስ መጪዎቹ ለቀስተኞች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሴቶቹ ብርጭቆ ወደምትሰበስበው ልጅ ዞረው ከንፈራቸውን መጠጡ። ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠችው እናትም ራሷን ነቀነቀች። ከቀብሩ ወዲህ ጉሮሮዋ ውኃ የሚያወርደው ይህን ቃል ሲነግሯት ብቻ ነበር።

ልጅቷ ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹ ላይ አቀረቀረች፤ አላጠበቻቸውም። ወሬውን የጀመረችው እሷ አይደለችም። አክስቷ በመጀመሪያው ቀን ለቅሶ መሀል ተናገረችው፤ እሷ ዝም አለች። ዝምታዋ ዛሬ ሦስት ቀን ሞላው።

የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ናት። ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ከተመደበች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ታላቅ ወንድሟ ኩላሊቱን ታሞ እዚያው ተኛ። ሊፍት ጠጋኝ ነበር፣ አፉ የማያርፍ። ነጭ ጋውን ለብሳ ባጅ አንጠልጥላ አልጋው አጠገብ ስትቆም ከላይ እስከ ታች አያት።

«መርፌ ትወጊያለሽ?»

«አልወጋም።»

«መድኃኒት ታዢያለሽ?»

«አላዝም። ሰው አነጋግራለሁ።»

«ተመስገን» አለና ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረ። «ቤት ስትነዘንዘን የኖረችው አንሷት፣ ባጅ ሰጧት።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እየሳቀች ግን እጁ ማበጡን አየች።

አሠልጣኟ ሕጉን ቀድማ ነግራታለች። ተማሪ የዘመዱን ጉዳይ አይዝም፤ ወንድሟን እንደማንኛውም ቤተሰብ ትጠይቀው። አጣዳፊ ነገር ከመጣ ግን ሥራዋን ለባልደረባ አስረክባ ወዲያው መውረድ ትችላለች።

ወንድሟ በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠያቂ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነበረች። እግራቸው እንደሚቆረጥ የተነገራቸው ጠዋት ነው። አርባ ዓመት ጫማ ሲሰፉ መኖራቸውን እያወሩላት ሳለ ነርሷ ከታች ደወለች። ወንድምሽ እየጠራሽ ነው፣ ቶሎ ብትመጪ ይሻላል አለቻት።

«መጣሁ በይው» አለች።

አልሄደችም።

አሁን ጓዳው በር ላይ አክስቷ ብቅ ብላ እንግዳ መምጣቱን ነገረቻት። አሠልጣኟ ነበረች። እናት እስክትቀመጥ እንኳ አልጠበቀቻትም።

«አለቃዋ እርስዎ ነዎት አሉ። ልጄ አጠገቡ ነበረች፤ የመጨረሻ ቃሉን ግን አልነግር አለችኝ። ምናልባት ለእርስዎ ነግራዎት እንደሆን ብዬ ነው።»

አሠልጣኟ ተማሪዋን አየቻት፤ ከዚያ ወለሉን።

«እሱን እሷው ትነግርዎታለች» አለች።

ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ የልጅቷን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ መመለስ ስትችዪ ተመለሽ አለቻት። ተጠርታ አለመውረዷን ብታውቅም ስለዚያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ይህ ከቁጣ ይልቅ ልጅቷን ሰበራት።

ወደ ማታ እንግዳው ሳሳ። ልጅቷ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማዬ፣ አጠገቡ አልነበርኩም።»

እናት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ጠርቶኝ ነበር። ላይ የአንድ ሽማግሌ እጅ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ልሂድ ብላቸው ይለቁኝ ነበር፤ አላልኳቸውም። ለእሳቸው የምለውን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ለእሱ ግን ምን እላለሁ? ፈራሁ። አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ስወርድ አንሶላውን ፊቱ ላይ ስበውታል።»

አክስት፣ ልጅቷ በድንጋጤ የምትናገረውን አታውቅም ልትል ሞከረች። እናት በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የልጇን ፊት፣ የማታውቀው ሰው ፊት ይመስል፣ አየችው።

«ሰውየው ዳኑ?» አለች በመጨረሻ።

«እግራቸው ተቆረጠ። ግን አሉ።»

«በየትኛው እጅሽ ነው የያዝሻቸው?»

ልጅቷ ጥያቄው አልገባትም። ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። እናት አየችው፤ አልነካችውም። ጎንበስ አለችና ያን ዕለት ማንንም ያልያዘውን የልጇን ግራ እጅ ከጉልበቷ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።