እንግዳ ሲመጣ የሚወጡት

ሴትዮዋ ክፍሌ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ በተቀመጠች ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሥራዋ ማገናኘት ነው አሉ፤ ተመራማሪዎች ያጠኑትን ለእኛና ለትምህርት ቢሮው፣ የእኛን ደግሞ ለእነሱ ታደርሳለች። እኛ አስተማሪዎቹ «ደላላዋ» አልናት። ያለ ጥቅሙ የሚሮጥ ደላላ ደግሞ አላየሁም!

ጠዋት ሦስተኛ ክፍልን በሙሉ አስተምራለሁ፤ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለብቻ። የሟች እህቴ ልጅም አንዷ ናት። ቢሮው ይህን ትምህርት ሊዘጋው ነው፤ «ልጆቹ እንደሚያነቡ በጥናት ተረጋግጧል» ብሏል። የማንን ልጆች አይተው ነው? ይቺ ሴት ለመዝጊያው ማስረጃ ለቃሚ ናት ብዬ ደመደምኩ።

«ቲቸር፣ እኔኮ ልሰልልዎት አልመጣሁም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፊቴ ሲጠቁር አይታ።

«ታዲያ ቁጭ ብለሽ ምንድነው የምትጽፊው?»

«የማየውን።»

«ሆሆይ! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ» ብዬ ጥያት ሄድኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን እንደ ወትሮዋ ቀድማ ሳትነግረን መጣች። ገና በሩ ላይ ሳለች፣ እኔም አፌን ሳልከፍት፣ የኋላ ረድፍ ልጆች ብድግ ብድግ አሉና በጎኗ አልፈው ወጡ። የእህቴ ልጅ መጨረሻ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ስፖርት ዕቃ ቤት።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም። እንግዳ ሲመጣ ደካሞቹ ይወጣሉ፣ ጎበዞቹ ወደ ፊት ይጠጋሉ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው» አልኳት። ምን አስለፈለፈኝ!

ፊቷ ልውጥ አለ። «አጥኚዎቹ የመጡ ቀንስ?»

«እነሱስ እንግዳ አይደሉ እንዴ?»

ይህን ስል ለራሴም በራልኝ። ያ ጥናት የተጠናው በፊት ረድፎቻችን ነው። ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም።

«ያንን ጥናት ቢሮ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «አሁንም ሄጄ ልንገራቸው፤ ግን ማን ነገረሽ ይሉኛል።»

እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። ጥፋቱን እኔ ላይ አላክካ እሷ ነፃ ብትወጣስ? ርዕሰ መምህሩስ ዝም ይለኛል? እንጀራዬን ነው የምታስቆርጠኝ! እንዲህ እየተብሰለሰልኩ ልጆቹን ልጠራ ሄድኩ። ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«አክስቴ፣ ሄደች?» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«አልሄደችም። ነይ፣ እንግባ።»

«እንግዳ እያለ?»

ሌሎቹን አስከትዬ፣ እጇን ይዤ አስገባኋትና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። መጽሐፉን ገልጬ «አንብቢ የኔ እናት» አልኳት። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ከኋላ አንዱ ሳቅ ሲል በዓይኔ አፈጠጥኩበት።

ሴትዮዋ ብዕሯን እንደያዘች ታየኛለች።

«ምን ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ!» ጮህኩባት። «ማን ነገረሽ ካሉሽም፣ የኔን ስም ጻፊበት።»