አለሁ ባይ

የወፍ ቆሎ ሲያዩት ያምራል። አበባው ቢጫና ሮዝ ነው፣ ፍሬውንም ወፍ ይወደዋል፤ ግን አንዴ ከገባ አገር በቀሉን ቁጥቋጦ ሁሉ አንቆ የሚገድል ነቀርሳ ነው። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ዱር ከዚህ ጉድ ለማዳን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት በጎ ፈቃደኞች አሥራ አንድ ናቸው፤ መስመሩ ግን አሥራ ሁለት ነው። በአሥር እርምጃ ልዩነት ተሰልፈው ይገባሉ። የነቀሉት መሬት ነክቶ መልሶ እንዳይበቅል፣ ሥሩን ወደ ሰማይ ዘቅዝቀው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። ዱሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ አንዱ ሌላውን አያየውም፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ጥሪ አለ።

ጠሪዋ እትዬ ጥሩምባ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፣ እሳቸውም አልጠሉትም። ከዳር ቆመው "አላችሁ?" ሲሉ ሰው ሁሉ በየተራው "አለሁ" ይላል። አንድ ሰው ዝም ካለ ሥራ ቆሞ ይፈለጋል። ሕጉ ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ስምንተኛዋ ናት። ዘጠነኛው መስመር ዓምና የባሏ ነበር፤ የግንበኛው፣ የእትዬ ጥሩምባ ታናሽ ወንድም። እሱ ከሞተ ወዲህ መስመሩን የሚይዝ ጠፋ። ጥሪው እዚያ ሲደርስ አሥረኛው ሰውዬ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቅና ነው "አለሁ" የሚለው። ጠብቅ ያለው ሰው የለም። በዚያች ትንፋሽ መካከል ልብስ ሰፊዋ ጓንቷን ነክሳ ትቆማለች።

እሱ የሞተ ቀን እዚህ ዱር ውስጥ የሆነውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጠዋት በማይረባ የጓዳ ቁልፍ ተጨቃጭቀው፣ ተኳርፈው ነበር የመጡት። የአራት ሰዓቱ ጥሪ ሲደርስ ከዘጠነኛው መስመር መልስ ጠፋ። አኩርፎ ነው ብላ አሰበች። አሁን ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሊፈልገው ነው፣ እሱም ከንፈሩን ጥሎ እንደተቀመጠ ሊገኝ ነው፣ ገመናችንም አደባባይ ሊወጣ ነው ብላ በገነች። የባሏን ድምፅ ማስመሰል ትችልበታለች፤ ዘመድ አዝማድ በሳቅ የሚፈርስበት ጨዋታዋ ነበር። ጎሮሮዋን አወፈረችና በሱ ፋንታ መለሰች።

የአምስት ሰዓቱ ጥሪ ላይ እልኳ በርዶ ስለነበር ዝም አለች። ሄደው ሲያዩት በደረቱ ተደፍቷል። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። አራት ሰዓት ላይ "አለሁ" ብሎ ነበር ሲሉት፣ እንግዲያው ድንገት ነው፣ አልተሰቃየም አላቸው። ቤተሰቡ ሁሉ በዚያች ቃል ተጽናና። እሷ ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ሊጠራኝ ሞክሮ ይሆን እያለች ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። የስፌት መኪናዋ ጸጥ ባለ ቁጥር ያ ወፍራም ድምፅ ከክፍሉ ጥግ "አለሁ" ይላታል። የባሏ ቢሆን ባልፈራች፤ የገዛ ራሷ ድምፅ ነው።

ዓመቱ የሞላ ቅዳሜ፣ በእረፍት ሰዓት፣ እትዬ ጥሩምባ ውሃ ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ።

"ወንድሜ ያን ቀን አንድ ቃል ጨምሮ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "'አለሁ፣ የት እሄዳለሁ' ነው ያለው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ታውቆት ነበር፣ ሊሰናበተኝ ነው እላለሁ። አሁን ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ በሱ ድምፅ በይልኝ።"

ልብስ ሰፊዋን ላብ አጠመቃት። ቃሉን የጨመረችው እሷ ነበረች፤ በንዴት፣ የት አባቱ ይሄዳል ብላ። አልችልም፣ ረስቼዋለሁ አለች። እትዬ ጥሩምባ ለመኗት። ሠላሳ ዓመት ሲያዙ የኖሩ ሴት ሲለምኑ ማየት ከባድ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ጎሮሮዋን አወፈረችና አለችላቸው።

ማስመሰል ሁልጊዜ ከዋናው የሆነች ነገር ይጎድለዋል። ይኸኛው ግን እሳቸው ያን ቀን ከሰሙት ምንም አልጎደለውም። እትዬ ጥሩምባ ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊታቸው የአስተማሪ ፊት ሆኖ ነበር፤ በቀረ ልጅ ፋንታ "አቤት" የሚል ተማሪ አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም።

"አንቺ ነበርሽ?"

"እኔ ነበርኩ፣ እትዬ።"

"እሱስ?"

"እሱ አልመለሰም።"

አልጮኹባትም። ቢረግሟት ትመርጥ ነበር። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ውሃውን እዚያው ትተው ወደ ዳር ሄዱ። እሷም ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት ወደ መስመሯ ገባች።

ጥሪው በሰዓቱ መጣ። "አላችሁ?" ድምፃቸው ያው ነው። አለሁ፣ አለሁ እየተባለ ቀረበና ተራዋ ደረሰ።

"አለሁ" አለች።

አሥረኛው ሰውዬ እንደልማዱ ጠበቀ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እትዬ ጥሩምባ በጥሪ ላይ ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

"አለሁ ያለው ማን ነው?"

ዱሩ ውስጥ ገጀራውም መቆፈሪያውም ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ያልተሰማላት መሰላትና ደግማ ጮኸች። "እኔ ብቻ ነኝ።"