የመሪጌታ ሁለተኛ ካርድ

«አሮጌውን ካርድ አግኝቼዋለሁ» አለ እንዳላማው፣ የጨበጠውን ንፍሮ ወደ አፉ ሳያደርስ።

መቅደላዊት ክው አለች። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ እንዳላማው ድንኳኑ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። የአጎቷ ሰልስት ነውና ድንኳኑ ከይጁቤና ከአምበር በመጡ ዘመዶች ጢም ብሏል።

«በማን ስም?» አለች፣ እያወቀችው።

«በታረቀኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ነው። ላዩ ላይ በቀይ ‘ፔኒሲሊን እንዳይሰጥ’ ይላል።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አይዞሽ፣ ቀድጄዋለሁ። ከእኔና ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም።»

አጎቷን አገር የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው፤ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል። ታረቀኝ የሚባለው ስም ከመታወቂያቸውና ከዚያ አሮጌ ካርድ ሌላ የትም አልነበረም። እሷ ግን እሳቸው ቤት ያደገች፣ ፊደል ያስቆጠሯት ነርስ ናት፤ ታውቀዋለች።

የሞቱ ዕለት ገበያ ነበር፤ በሽተኛው በሩ ላይ ይጋፋል። መሪጌታ ጉሮሯቸው ተዘግቶ መጡ። «ለእሑድ ማኅሌት ድምፄን መልሺልኝ እንግዲህ» አሏት እየሳቁ። ካርዳቸውን በወልደ ገብርኤል ብቻ አስፈለገች፤ የለም ሲሏት አዲስ ካርድ አወጣችላቸው። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ማንንም ትጠይቃለች፤ እሳቸውን አልጠየቀችም። መርፌውን አስቀድማ ቆዳቸው ላይም አልሞከረችም። የቤት ሰው ሲሆኑባት የማታውቀው ነገር ያለ አልመሰላትም፤ ፔኒሲሊኑን ወጋቻቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደረታቸውን ይዘው «ልጄ፣ አየር አጠረኝ» አሉ። ያላትን መድኃኒት ሁሉ ብትሰጥም አልመለሳቸውም። ልብ ነው ተባለ። እሷም ልብ ነው አለች።

እንዳላማው ተነሥቶ ሲሄድ እፎይ አለች፤ እፎይታዋ ራሱ አሳፈራት።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጭ» አሏት የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ አይናዲስ። እጇን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር አንጀቴን እየበላኝ ነው። ያን ዕለት ከቤት ሲወጡ ‘ድሮ አንድ መርፌ ሊገድለኝ ነበር፤ ለልጅቱ ልንገራት ይሆን?’ አሉኝ። እኔ ነኝ ‘እሷ ምን ይጠፋታል፣ ሥራ አያስፈቷት’ ያልኳቸው። እኔ ገደልኳቸው ይሆን ልጄ?»

ልብ ነው፣ እማዬ ብትል ያበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እኚህ ሴት ቀሪ ዕድሜያቸውን የእሷን ጥፋት ተሸክመው ሊኖሩ ነው።

«እርስዎ አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኋቸውም።»

ካርዱንም፣ ቀይ ጽሑፉንም፣ መቀደዱንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አይናዲስ እጇን ለቀቁ። ለቀስተኛ ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ መሬት መሬቱን አዩ። መቅደላዊት ልትነሣ ስትል፣ ቀና ሳይሉ የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉት።