የቀመሪያ የቃል ፈተና

ቀመሪያ በወገዳ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ባለች መድኃኒት ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ፋርማሲን በርቀት መማር ከጀመረች ደግሞ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሞጁሎቹን ደጋግማ አንብባ ጨርሳቸዋለች፤ ያስጨነቃት የቃል ፈተናው ነበር። ሰውነት የተባለው መምህሯ በስልክ ታማሚ ሆኖ ይተውናል፣ እሷ ታማክረዋለች። ከተማው ውስጥ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስላስቸገራት ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ወጣች፤ የስልኩን ድምፅ ለቀቅ አድርጋ ድንጋይ ላይ አስደገፈችው።

“ውይ! ውይ ሆዴን! አለቅሁልሽ!” አለ መምህሩ። ትወናውማ ለጉድ ነው።

“አይዞዎት አባቴ፣ ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ?”

ይሄኔ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ሕይወት በቅሏቸውን እየሳቡ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰሙና ክው አሉ።

“ማነው እንዲህ የሚያጣጥረው? ምነው ቀመሪያ፣ ዝም ብለሽ ታወሪዋለሽ? ስጪው እንጂ!” ከኪሳቸው የተጋመሰ የኪኒን እሽግ አወጡ። “ይኸው፣ ተሽሎኝ የተረፈኝ ነው። ሁለቱን ለበቅሎዬ ሰጥቻታለሁ።”

“ለበቅሎዋ?”

ፈተናው መሃል ላይ ተቋረጠ። “በቃ፣ ወደቅሁ” አለች ቀመሪያ በሆዷ። ዝም ብላ ማለፍ ግን አልሆነላትም።

“የኔታ፣ ይህ እኮ ለሰባት ቀን የታዘዘ ነው። ጾም ጀምረው እኩሌታው ላይ ይገድፋሉ?”

“በስመ አብ! እንዴት ተደርጎ!”

“እኛስ ረመዳንን መቼ እናጋምሳለን? ይኸም እንደዚያው ነው። ተሻለኝ ተብሎ ከተቋረጠ ያልሞተው ጀርም ያገረሻል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱም ላይበግረው ይችላል። አሁን የተረፈውን እንዳይውጡት፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ። ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ለበቅሎማ ጭራሽ!”

የኔታ እሽጉን አገላብጠው አዩትና እንደ ጥፋተኛ ተማሪ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

“በቅሎዋስ ተሻላት?” አለ ስልኩ።

“እግሯማ ድኗል፤ ብቻ መራገጥ አመጣች። አንተን ሆድህ ተወህ እንዴ?”

መምህሯ በሳቅ ፈነዳ። ሲንተከተክ ቆየና በስንት ትግል ድምፁ ተመለሰ። “ቀመሪያ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም። አልፈሻል! ከፍተኛውን ነው ያገኘሽው!”

እልልታዋን አቀለጠችው። ገበያተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ጉብታውን አየ። የኔታ ነገሩ ግራ ገባቸው፤ ፈተና እንደነበር ከሳቋ ጋር እየታገለች ስታስረዳቸው ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

“መምህር፣” አሉ ኮስተር ብለው፣ “እኔስ ስንት አመጣሁ?”