የላኮምብ ነኝ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በዲቫል እርሻ ደወል ሥር የተሰለፍነው ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ ኡርሱል ከፊቴ፣ እናቷ ዙልሜ ከኋላዬ ቆመዋል። የአዲሱ መንግሥት ካፒቴን መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሁለት ወታደሮች አጠገቡ አሉ። ፈረንሳዮቹ ከሄይቲ ከተባረሩ ሁለተኛው ዓመት ነበር።

ኡርሱል በዘጠኝ ዓመቷ ከላኮምብ እርሻ ለዲቫል ተሸጠች። እናቷ ጦርነቱ ሲያልቅ በየእርሻው እየጠየቀች፣ ተራራውን በእግሯ አቋርጣ፣ ከአምስት ወር በፊት አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ምንጣፍ ይተኛሉ። እኔ በረንዳው ላይ እተኛለሁ፤ አልከፋኝም።

ያኔ እኛ ዘንድ ሰው የየት እንደሆነ ሲጠየቅ የሚናገረው ያቃጠለውን እርሻ ነው። የዲቫል ነኝ ያለ ዲቫልን አቃጥሏል ማለት ነው። የምዝገባው አዋጅ የተነበበው በፈረንሳይኛ ስለነበረ የገባን ነገር ቢኖር የነፃ ሰዎች ስም እንደሚጻፍ ብቻ ነው። ሴቶቹ ለዚያ ቀን ሻሻቸውን አጥበው ነበር።

"እማማ ዙልሜ፣ ሻሽሽን አሳምሪው። ካፒቴኑ ሚስት የለውም አሉ" አለ ከኋላ ወጥ ሠሪው ባዚል።

"እሱ ገና ጡት አልጣለም። ይልቅ አንተ ምን ልትል ነው? ከወጥ ሌላ ያሳረርከው የለም" አለችው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ኡርሱል የዲቫል ነኝ ብላ ተጻፈች። የእኔ ተራ ሲደርስ መዝገቡን አየሁት። አንድ ቄስ ፈረንሳይኛ በጥቂቱ ማንበብ አስተምረውኝ ስለነበር ከላይ ያለውን መስመር ቀስ ብዬ አነበብኩ። ከተጻፈበት እርሻ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ሠራተኛ ይታሰራል ይላል። ዞር ብዬ ለአማቴ ልነግራት ፈለግሁ። ካፒቴን ባለበት ተናግሬ አላውቅም። ስሜንና የዲቫል መሆኔን ብቻ ተናግሬ ወደ ጎን ቆምኩ።

"የየት ነሽ እማማ?" አላት ካፒቴኑ ዙልሜን።

"የላኮምብ ነኝ" አለች ቀና ብላ። "የስኳር ቤቱን ጣሪያ በዚህ እጄ ነው የለኮስኩት።"

"ላኮምብ ሰው አጥሮታል" አለና ጻፈ።

"ጻፍከኝ? እስቲ አንብብልኝ።"

"ዙልሜ፣ ላኮምብ።"

ፈገግ ብላ የወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ ነካችው።

"ነገ ወታደሮቹ ያደርሱሻል" አላት።

"የት?"

"እርሻሽ ነዋ።"

"አቃጥዬዋለሁ እኮ ልጄ።"

"እንደገና ተተክሏል።"

ዙልሜ ወደ እኛ ዞራ አየች። ኡርሱል ሰዉን ገፍታ መጣችና "እናቴ ናት፣ እዚህ ከእኔ ጋር ነው ያለችው፤ ያቃጠለችውን እርሻ የጠየቅካት መስሏት ነው እንጂ..." አለችው።

"መዝገብ አይፋቅም እህቴ። የየት እንደሆነች ራሷ ተናገረች፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለና እኔን አየኝ። "አንተ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ዙልሜን ሁለቱ ወታደሮች ወደ ላኮምብ ወሰዷት። ኡርሱል የይለፍ ወረቀት ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ አልተሰጣትም። ዙልሜ በሁለተኛው የአገዳ ቆረጣ ላይ ሞተች። እኛ የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።