አንድ እፍኝ አተር

«ነፍሱን ይማረውና፣» አለ ካሚል፣ «ዕድሜውን ሙሉ እርግብ ያረባ ሰው፣ መልእክት የታሰረባትን እርግብ አተር አብልቶ ይለቃል?»

ጠረጴዛውን የከበቡት የእርግብ ማኅበር ሰዎች ሳቃቸውን በቡና ስኒ ሸፈኑት። አንዱ ካሚልን በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዙልማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ካሚል ሲያያት ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እንዲያው ለጨዋታ ነው፣ ልጄ። አባትሽም ራሱ ይስቅበት ነበር።»

«አዎ፣ ይስቅበት ነበር፣» አለችና ቡናውን ቀዳችለት።

አባቷ አሺል በሚቀጥለው ክፍል ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። ሐሙስ ጠዋት ነው የሞተው፤ የሚቀበረው ሰኞ ነው። እስከዚያ እንደ አገሩ ልማድ መስኮቶቹ እንደተዘጉ፣ የግድግዳው ሰዓት እንደቆመ፣ ጎረቤት አመሻሹ ላይ እየመጣ መቁጠሪያ ይደግማል፣ ዳቦና ቡናውን ይቀምሳል፣ ሐሜቱንም አይረሳም።

የካሚል ቀልድ ለእርግብ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እርግብ ወደ ቤቷ የምትጣደፈው ምግቧ እዚያ ስለሆነ ነው። የጠገበች እርግብ ግን ምን አስቸኮላት? የተለቀቀችበት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ታበጥራለች። ይህን የማያውቅ ሰው የማኅበሩን ደጃፍ አይረግጥም፤ አሺል ደግሞ ከሁሉም የበለጠ አዋቂ ነበር። ስለዚህ ነው ቀልዱ የጣፈጣቸው። ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ የማኅበሩ ድግስ ላይ አንዱ ቀልደኛ ከሳህኑ አጠገብ አንድ እፍኝ አተር ያስቀምጥለታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና አተሩን ኪሱ ይከተዋል።

ሐሙስ ዕለት የክት ልብሱን ልታለብሰው ስታራግፍ አተሩ ከኪሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ዙልማ ተንበርክካ አንድ በአንድ እየለቀመች አለቀሰች። አክስቷ ሌዮኒ የአባት ሞት ነው ብላ አባበለቻት። ነገሩ ሌላ ነበር። እርግቧን ያበላችው ዙልማ ናት። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን እሷ ብቻ ቀረች።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጀርመኖች አገሩን ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እርግብ ለጠላት ወሬ ታደርሳለች ብለው የመንደሩን እርግብ ሁሉ አስፈጁ፤ ለማረጋገጫም ቀለበት ያለበት እግር እየተቆረጠ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። አሺል ሠላሳ አራት እርግቦቹን በገዛ እጁ አነቀ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ማንንም አላናገረም።

በመከር ወራት አንድ ጠዋት፣ ድንች ማሳው ውስጥ በትንሽ ፓራሹት የወረደች ሣጥን አገኘ። እንግሊዞች ናቸው ከአውሮፕላን የጣሏት። በውስጧ አንዲት እርግብ፣ ስስ ወረቀትና እርሳስ አሉ። ያየኸውን ጻፍና ልቀቃት፣ ባሕሩን ተሻግራ ትመጣልናለች ነው ነገሩ። እንዲህ ያለውን ሣጥን ያላስረከበ እንደሚረሸን በየግድግዳው ተለጥፏል። አሺል እርግቧን ኮቱ ውስጥ ወሽቆ ቤት አመጣት።

«ውኃ ብቻ ስጫት፣» አላት ዙልማን። «ሌላ ምንም እንዳትሰጫት። ነገ ጎሕ ሲቀድ እለቃታለሁ።»

ይህን ብሎ እየተጣደፈ ወደ ጓደኛው ወደ ሲልቫን ሄደ። ሲልቫን ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ የትኞቹ ፉርጎዎች ጥይት እንደጫኑ ያውቃል።

ዙልማ እርግቧን አቀፈቻት። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ይቆረቁራል፤ ልቧ ድው ድው ይላል። አንጀቷን በላቻት። የእርግብ ቤት ሥራ የወንዶች ነበርና ዙልማን ስለ ረሃብና ስለ መብረር ያስተማራት የለም። ከሞቱት እርግቦች የተረፈ አተር ጣሪያው ሥር ተደብቆ እንደነበር ግን ታውቃለች። አንድ እፍኝ ዘግና አመጣች። እርግቧ ከመዳፏ እየለቀመች ስትበላ፣ ዙልማ ከዚያ ክፉ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

በማግስቱ ማለዳ እርግቧ ከአሺል እጅ ተነሣች፣ ጓሮውን አንድ ጊዜ ዞረች፣ ከዚያ የገዛ ቤታቸው ጭስ ማውጫ ላይ አረፈች። እግሯ ላይ መልእክቱ እንደታሰረ ነው። አሺል ቆቡን አውለበለበ። ጓል ወረወረ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመናት፤ «ሂጂ፣ እናቴ፣ ሂጂልኝ፣ በማርያም።» ወታደሮቹ የሰፈሩት ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። አንዲት ጥይት በቃቻት።

ከወታደሮቹ መካከል እርግብ የሚያውቅ አንድ ነበር። የሞተችውን አንስቶ እህል የሚጠራቀምበትን የጉሮሮዋን ከረጢት ዳሰሰ፣ በሰንጢ ቀደደው፣ አተሩም ዘረገፍ አለ። ከት ብሎ ሳቀ።

«ይህን ያበላ ጅል የትኛችሁ ነው?»

ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ቆሞ ያያል። ዙልማ ልትናገር አፏን ስትከፍት አሺል በእንጨት ጫማው የእግሯን ጣቶች ረገጣት።

«እኔ ነኝ፣» አለ።

ወረቀቱ ላይ የነበሩት የፉርጎ ቁጥሮች በሲልቫን እጅ የተጻፉ ነበሩ። ሲልቫን በአሥረኛው ቀን ተረሸነ። አሺልን ለምን እንዳልረሸኑት ማንም አያውቅም፤ ወደ ጀርመን እስር ቤት ወስደውት ጦርነቱ ሲያልቅ አጥንትና ቆዳ ሆኖ ተመለሰ። የሲልቫን ሚስት ኢርማ ሦስት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ አሺልን ባየችው ቁጥር መንገዱን ተሻግራ በወዲያ በኩል ትሄዳለች።

«ለእትዬ ኢርማ እነግራታለሁ፣» አለችው ዙልማ በተመለሰ ሰሞን።

«አትነግሪያትም። እንዳትሰጫት አልኩሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ቸኩዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም። ደግሞስ ሁለታችንን ከምትጠላ አንዳችንን ብትጠላ አይሻልም?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳሉ አቋረጠው።

ዙልማም እሺ አለች። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ለዚህም ነው ራሷን ይቅር ያላለቻት።

ቅዳሜ ዕለት ሌዮኒ ሳህን እያጠበች፣ «ኢርማ እንደሆነች አትመጣም፣» አለች። «ያቺ ሴትዮ ሬሳም አትምርም።» ዙልማ ወጣች። እስከ ኢርማ በር ድረስ ሄደች፣ እጇን ለማንኳኳት አነሣች፣ ከዚያ ተመለሰች። ሰኞ አሺል አፈር ይገባል፤ ጅሉ አሺል ተብሎ ይገባል።

እሑድ አመሻሽ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ መቁጠሪያው ሲደገም በሩ ተከፈተ። ኢርማ ነበረች፤ ጥቁር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ጸሎቱ ተቋረጠ። ካሚል ወንበር ሊለቅላት ብድግ አለ።

«አልቀመጥም፣» አለች። «አልመጣችም እንዳልባል ነው የመጣሁት።»

ከሣጥኑ ግርጌ ቆመች። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው እንጂ ሬሳው ላይ አይደለም። ዙልማ ተነሣች።

«እትዬ ኢርማ፣ እርግቧን ያበላሁት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣» አለ ካሚል፣ «ኀዘን ነው እንዲህ የሚያናግርሽ…»

«ኀዘን አይደለም፣ ጋሽ ካሚል። ውኃ ብቻ ስጫት ነበር ያለኝ። ከስታ ስላየኋት አሳዘነችኝ። ወታደሩ ሲጠይቅ ልናገር ስል አባቴ እግሬን ረገጠኝ። ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። እናንተ ስትስቁበት ያውቅ ነበር።»

ካሚል ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እያዟዟረ አቀረቀረ። ኢርማ ዙልማን አተኩራ አየቻት።

«ስንት ነበር?»

«አንድ እፍኝ።»

«አሳዪኝ።»

ዙልማ ባዶ መዳፏን አጎድጉዳ ዘረጋች። ኢርማ ጎንበስ ብላ አየችው። የምትመታት፣ የምትሰድባት፣ ጥላት የምትወጣ መስሏት ዙልማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሲልቫን ቢሆን፣» አለች ኢርማ፣ «ሲልቫን ቢሆን ሁለት እፍኝ ነበር የሚሰጣት።»

ከዚያ አለቀሰች። ሲልቫን የተረሸነ ዕለት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። «አሥራ ሦስት ዓመት መንገድ ተሻገርኩበት፣» እያለች ለማንም ሳይሆን ትናገራለች። «እንደምን አደርሽ ሲለኝ እየሰማሁ። አሁን መልሱን ለማን ልበለው?» ዙልማ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ኢርማ ግን አልያዘችውም። በሣጥኑ ጎን አልፋ ወደ ራስጌው ሄደችና ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአሺልን ፊት አየች።

«ማነው ያበጠረው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«በቀኝ ከፍለሽዋል። አሺል ከልጅነቱ ጀምሮ በግራ ነው።»

ጣቶቿን በምራቋ አራሰች፤ ነጩን ፀጉሩን ቀስ ብላ በትና በግራ በኩል ትከፍለው ጀመር።