ዘጠና ላይ

ፈረጅን አምስት ሐሙስ ሆን ብዬ ዘጠና ላይ አቋርጬዋለሁ።

ዘጠና ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከሚሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ። ከጦርነቱ የተመለሱ ሰዎች የሚመጡት ሐሙስ ሐሙስ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው አንድ የሕክምና መንገድ አለ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍንና የደረሰበትን ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። እኔ በየመሀሉ "ስንት ደረሰ?" እለዋለሁ፤ እሱም ፍርሃቱን ከዜሮ እስከ መቶ ባለው ቁጥር ይነግረኛል። ፍርሃቱ ይሞላል። ሰውየው ሳይሸሽ ከቆየ ደግሞ በራሱ ጊዜ መጉደል ይጀምራል። አስተማሪያችን አንድ ነገር አጥብቆ ያስጠነቅቀን ነበር፤ ፍርሃቱ አናት ላይ ሳለ እንዳታቋርጡ ይለን ነበር። ያኔ ያቋረጠ ሰው ቁስሉን ከፍቶ ሳያስር ነው በሽተኛውን ወደ ቤቱ የሚሰደው።

ፈረጅን በመስከረም ያመጣችው እናቱ ናት። ዑሙልኸይር ትባላለች፤ ከጨፋ በኩል የመጣች ገበሬ ናት።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ?" ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። "ይህ ልጅ ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል ሲያገሳ ሰው መሀል በሆዱ ተደፋ። አፋሮቹ ሳይቀሩ ሳቁበት።"

"ኡሚ፣ ተይ" አለ ፈረጅ። ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የከሳ ሰው ነበር።

"ምኑን እተወዋለሁ? ድሮ አንተ ፍየል ትጠብቅ ነበር። አሁን ፍየሎቹ ናቸው አንተን የሚጠብቁህ።" ወደ እኔ ዞረች። "ሼህ ጀይሉ የሞተ ሰው ሐቅ አለበት ብለውናል። ከሟቹ ቤት ዐውፍ ካልተባለ አይድንም አሉ። እስከዚያው እንቅልፍ እንኳ ብትሰጪልኝ።"

ዐውፍ በእኛ ዘንድ ይቅርታ ነው፤ ሰው የሰውን ሐቅ ተሸክሞ አላህ ፊት እንዳይቆም ባለሐቁ የሚለው ቃል ነው። እናቱን ውጭ እንድትቆይ ነገርኳትና ፈረጅን ስለ ሟቹ ጠየቅኩት።

"አንዋር ይባላል። እኛ መምህር ነበር የምንለው። ሳይዘምት በፊት እዚሁ ከሚሴ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። ሚስቱን ሁልጊዜ 'የኢማን እናት' እያለ ነው የሚያነሳት፤ ስሟን አላውቀውም። ሁለት ጊዜ ልፈልጋት መጥቼ ከመነኸሪያው ተመልሻለሁ፣ ሲስተር። እግሬ እምቢ አለኝ።"

ኢማን ልጄ ናት። አንዋር ባሌ ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አሟሟቱ የማውቀው የነገሩኝን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ በተኩስ ልውውጥ ወዲያው አረፈ የምትለዋን። አስከሬን አልመጣም። መቃብር የለውም። እስክሪብቶዬን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

"ቀጥል" አልኩት። "ዓይንህን ጨፍን፤ አሁን እዚያ እንዳለህ አድርገህ ተናገር።"

"ገደል ሥር ነን። እኔና መምህሩ ብቻ ነን የቀረነው። ወገቡ ላይ ተመትቷል። ሁለተኛ ቀናችን ነው። በመካከላችን ኮዳ አለ፤ ታቹ ላይ ጥቂት ውሃ ቀርቷል። መምህሩ ውሃ ውሃ ይላል፤ ድምፁ እየጨመረ ነው። ከላይ ኮቴ ሰማሁ። የሚፈልጉን ሰዎች ደረሱብን። እጄን ዘረጋሁ…"

"ስንት ደረሰ?"

"ዘጠና።"

"ለዛሬ ይበቃናል" አልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ያቋረጥኩት ስላልቻልኩ ነው። የቀረውን ግን በልቤ ራሴ ጨረስኩት፤ ውሃውን አንስቶ፣ አንዋርን ጥሎ ሸሸ። ከዚያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማታ ኢማንን የቤት ሥራዋን አሠራኋት፣ እራት አበላኋት፣ አስተኛኋት። ሐሙስ ሲደርስ የማደርገውን ወስኜ ነበር። ሰውየው ዐውፍ ፍለጋ ነው የመጣው። በእጄ ያለው ግን ከዐውፍ የሚበልጥበት ነገር ነበር፤ እንቅልፉ።

በሁለተኛው ሐሙስ አስጀመርኩት፤ እጁን ሲዘረጋ ቁጥሩን ጠየቅኩት፤ ዘጠና ሲል "ለዛሬ ይበቃናል" አልኩት። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ እንዲሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ላቡን የሚጠርግበት ሶፍት አቀብለው ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ይደገፋል፤ እኔ ካርዱ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ።

"ዓፊያ" ብላ በስሜ ጠራችኝ አንድ ቀን ካርድ ክፍል የምትሠራው ሰብሪና። "ይህ ሰውዬ ከሐሙስ ሐሙስ እየባሰበት ነው። ምንድን ነው የምታቀምሺው?"

"መድኃኒት ሲጀመር ያማል።"

"እንዲህ ከሆነ እኔን ሳልታከም ቅበሩኝ" ብላ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ከስድስተኛው ሐሙስ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ዑሙልኸይር ብቻዋን መጣች። ነጠላዋ ተጣሞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ፈረጅ ገመድ ይዞ ማሽላ ውስጥ ገብቶ ነበር። ማሽላው ሰው ቆሞ እንኳ የማይታይበት ወቅት ነው። እህቱ ሪሀና የገመዱን ጫፍ አይታ ተከተለችው፤ ጮኸች፤ ሰው ደረሰ።

"አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ ቀብረነዋል" አለችና እጄን ይዛ ሳመችው። "ሐሙስ ሲስተር ጋ ቀጠሮ አለኝ ይላል። ያቺን ሐሙስ ይዞ ነው የሚኖረው።"

ያን ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐፍረት አልነበረም። እንዲህ በቀላሉ ሊያመልጠኝ ነው የሚል ንዴት ነበር። ሐፍረቱ የመጣው ቆይቶ፣ እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ከሐፍረቱ ጋር ሌላም ሐሳብ መጣ። ያ ሰው ቢሞት የአንዋር መጨረሻ አብሮት ይቀበራል። ስድስት ጊዜ ላውቀው ስችል ስድስት ጊዜ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ከቤተሰቡ ጋር ሆነን ገመድና ስለት ሰበሰብን፤ ብቻውን እንዳይተዉትም አስማልኳቸው። ሐሙስ ሲመጣ ወንበሬን አስጠጋሁ።

"ዛሬ አላቋርጥህም" አልኩት።

ጀመረ። ገደሉ፣ ኮዳው፣ ድምፁ፣ ኮቴው።

"እጄን ዘረጋሁ…" ብሎ ቆመ። እንደለመደው ጥያቄዬን እየጠበቀ ነበር።

"ቀጥል።"

"አፉን ያዝኩት። ውሃ እያለ ይጮኻል፤ እነሱ ከራሳችን በላይ ናቸው። በመዳፌ አፈንኩት። ይነክሰኛል፤ አልለቅም። ከላይ ቆሙ። አንዱ ሽንቱን ይሸናል። ያወራሉ። ይስቃሉ። እኔ ይዤዋለሁ። ከዚያ መንከሱን ተወ። ደስ አለኝ፤ ገባው፣ ዝም አለ ብዬ። ሄዱ። እጄን አነሳሁ። 'መምህር' አልኩት። 'መምህር፣ ሄደዋል እኮ።' ኮዳውን ከፍቼ ውሃውን አፉ ውስጥ አፈሰስኩ። በጉንጩ ተመልሶ ወረደ።"

ላቋርጠው የፈለግኩት "ይነክሰኛል" ሲል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለራሴ ብዬ ነው። አላቋረጥኩትም።

"ስንት ደረሰ?"

"መቶ።"

"ከመጀመሪያው ጀምር።"

ደገመው። ሰለሰው። በሦስተኛው ሲጨርስ ስልሳ አለኝ። ትንፋሹ ረገበ፤ ትከሻው ወረደ። በትምህርት የማውቀው ነገር ነው፤ እንደተማርነው ሆነ።

"እጅህን አሳየኝ" አልኩት።

ቀኝ መዳፉን ዘረጋልኝ። ከአውራ ጣቱ በታች ባለው ሥጋ ላይ ነጫጭ ጠባሳዎች በግማሽ ክብ ተደርድረው ነበር። አንዋር ሁለቱ የላይ ጥርሶቹ መሀል ክፍተት ነበረው፤ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነው ነበር። ክፍተቱ እዚያ ነበር። ከባሌ ከተለየሁ ወዲህ ከገላው ያየሁት ያን ብቻ ነው፤ ያም ያለው በገዳዩ እጅ ላይ ነው።

"የኢማን እናት እኔ ነኝ" አልኩት።

ከወንበሩ ወርዶ በጉልበቱ ቆመ። "ዐውፍ ይበሉኝ" አለ።

"አልልህም። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ና።"

"ምን ላደርግ?"

"ሕክምናህ አላለቀም።"

በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። ቢኖር እልከው ነበር። አራት ሐሙስ መጣ፤ አራቱንም በሥርዓት እስከ መጨረሻው አስነገርኩት። ስልሳው ሃምሳ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ሃያ ሆነ። ባሌ ሲታፈን አራት ሐሙስ፣ በእያንዳንዱ ሐሙስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ሰብሪና "ሰውዬው እኮ ሰው ሆነ!" አለችኝ።

በኅዳር መጨረሻ፣ ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ፣ ሼህ ጀይሉ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቤቴ መጡ። ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ለዕርቅ ነው የሚመጣው። ዑሙልኸይርና ፈረጅ ከኋላቸው ነበሩ። የአንዋር ወንድሞች ነገሩን ሰምተው "ሐቁ የሚስቱና የልጁ ነው" ብለው ለእኔ ትተውታል። ኢማንን ጎረቤት ልኬ እንግዶቼን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳቸው።

በአገራችን ለዱዓ እጅ ከመነሣቱ በፊት ሽማግሌው በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ በልቡ ቂም የያዘ፣ የበደለውን የደበቀ ሰው ተቀምጦ የሚደረግ ዱዓ አይወጣም ይባላል። ፈረጅ ያደረገውን ተናገረ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ዑሙልኸይር "በልቤ ምንም የለም፤ ለዚህች ልጅ ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ" አለች። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ፣ ልጄ? በልብሽ የያዝሽው?"

"ተበድያለሁ፣ ሼሁ" አልኩ። "በድያለሁም።"

ከዚያ ዘጠናን አስረዳኋቸው። የተናገርኩት ልቤን ላጸዳ አልነበረም። ፈረጅ ተቀጥቶ እንደነበር፣ የቀጣሁትም እኔ እንደሆንኩ እንዲያውቅ ፈልጌ ነው። ሳያውቀው ከዳነ በአንዋር ፈንታ ያደረግኩት ነገር ሁሉ ያልተደረገ ያህል ይሆንብኝ ነበር።

ፈረጅ ቀና አለ። "ሆን ብለሽ ነው?" እስከዚያ ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

"ሆን ብዬ።"

"ሁሉንም?"

"የመጀመሪያውን ስላልቻልኩ ነው። አምስቱን ሆን ብዬ።"

ዑሙልኸይር ቀስ ብላ ተነሣች። "ገመዱን የያዘው ከስንተኛው በኋላ ነው?"

"ከስድስተኛው።"

"እጅሽን ስሜያለሁ" አለች። "ልጄን ሰቅለሽ ስታበቂ እጅሽን ስሜያለሁ!"

"ተቀመጪ፣ ዑሙልኸይር" አሉ ሼሁ።

"አልቀመጥም! ባሏን ያፈነው ፈርቶ ነው፤ ልጅ ነው፣ ሞት በላዩ ላይ ቆሞበት ነው። እሷ ምን ቆሞባት ነው? ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሶፍት እያቀበለች! ዐውፍ አልልሽም። የቂያማ ቀን እስኪቆም አልልሽም!"

"አልጠየቅኩዎትም" አልኳት። "እኔም ለልጅዎ አላልኩም።"

ሼህ ጀይሉ ጺማቸውን ያዙ። "ሱብሐነላህ። አንድ ዐውፍ ልንለምን መጥተን ሁለት ዕዳ ይዘን ልንመለስ ነው።" ሣሩን ለፈረጅ ሰጡት። "እንካ፣ ለፍየሎችህ ስጣቸው። ዛሬ እጅ የሚነሣበት ቤት አይደለም። ሁለታችሁም ሐቅ አላችሁ፤ ሐቅ ያለውን ሰው በግድ ዐውፍ በል አልለውም። አላህ ያለዝባችሁ እንደሆነ ላኩብኝ።"

ፈረጅ ሣሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

"ማታ ማታ እተኛለሁ" አለኝ። "ያንንም አንቺ ነሽ ያደረግሽው። ምን ልበልሽ እንግዲህ?"

"ሁለት ሐሙስ ቀርቶሃል" አልኩት።

"እሷ ዘንድ ዳግመኛ አትረግጥም!" አለች እናቱ ከግቢው ሆና።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሁለቱም መጡ። ዑሙልኸይር ሰላም አላለችኝም። ከመጠበቂያው አንድ ወንበር እየጎተተች አምጥታ ልክ ከክፍሌ በር ሥር ተከለችው። በሕጋችን ሌላ ሰው አይሰማም። ፈረጅን ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ትቆይ አለኝ።

"ካቋረጥሽው እሰማለሁ" አለችኝ።

"አላቋርጠውም።"

"አላመንኩሽም" አለችና ተቀመጠች።

በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩትና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

"ዓይንህን ጨፍን" አልኩት።